የሴቶቹ ክፍል ካሜራ

ሰኞ፣ ጥር 19

የካሜራው ሦስተኛ ማስቀመጫ ባዶ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ተሞልተዋል፤ ሦስተኛው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሁለት ጊዜ አየሁት።

የባለቤቴን የዘይነብን ካሜራ ዛሬ ከቦርሳው አወጣሁት። ከሞተች ሃምሳ ሦስት ቀኗ ነው። ባትሪው አልቆ ነበር። ቻርጀሩን ሰክቼ ቁጭ አልኩና ሻይ ጠጣሁ። ስኳር እንዳልጨመርኩበት ያወቅሁት ጨርሼ ነው።

ያወጣሁት ወድጄ አይደለም። ጠዋት ፎቶ ቤቱን እንደከፈትኩ እትዬ ከድጃ ከአቀስታ መጡ። እሁድ ልጃቸውን ይድራሉ። ዘይነብ ኅዳር መግቢያ ላይ «የሴቶቹን ክፍል እኔ አነሳላችኋለሁ» ብላ ቃል ገብታላቸው ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እሳቸው መጀመሪያ «አላህ ይዘንላት» አሉ፤ ነገሩን የተናገሩት ከዚያ ነው።

«ሰይድ፣ አልችልም ካልክ አልቀየምህም። ግን ወንድ እዚያ ክፍል አይገባም። ሴት ፎቶ አንሺ ደግሞ ከሷ ሌላ የት አለ?»

«እሺ» አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። እምቢ ማለት ብዙ ወሬ ስለሚያስወራ ይመስለኛል።

ዘይነብና እኔ ሥራ የምንካፈለው እንዲህ ነበር። ወንዶቹ፣ ዳሱ፣ መኪናው፣ ሽማግሌዎቹ የኔ። ሙሽራዋ ያለችበት ክፍል፣ ሂናው፣ የሴቶቹ ጭፈራ የሷ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራን። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል የማውቀው ከሷ ፎቶ ብቻ ነው።

ካሜራው አናት ላይ ክብ መዞሪያ አለ። መዞሪያው ላይ ሲ አንድ፣ ሲ ሁለት፣ ሲ ሦስት የሚባሉ ሦስት ማስቀመጫዎች አሉ። የብርሃኑን ልክ፣ ፍጥነቱን፣ ቀለሙን እንደምትፈልገው አስተካክለህ እዚያ ትመዘግበዋለህ። ከዚያ በኋላ መዞሪያውን ማዞር ብቻ ነው። ዘይነብ ሲ አንድ ላይ የጉርድ ፎቶ ልክ አስቀምጣለች። ሲ ሁለት ላይ የሴቶቹን ክፍል፤ ያለ ፍላሽ። ፍላሽ ሲበራ ሴቶቹ ፊታቸውን ይሸፍናሉ ትል ነበር። ሲ ሦስትን «ለጭፈራ አድርግልኝ» ብላ ከባለፈው ረመዳን ጀምሮ ስትጠይቀኝ ነበር። እኔ ነገ፣ ነገ ስላት ከረምኩ።

ባዶ መሆኑን ሳይ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ካሜራውን አጠፋሁት።

አሁን የምታነሳ ሴት ታስፈልጋለች። ወደ ሐሳቤ የመጣችው ሉባባ ብቻ ናት። ሉባባ የዘይነብ ታናሽ እህት ናት። ለትምህርት ብላ ከገጠር አምስተኛ ክፍል ስትገባ እኛ ቤት መጣች፤ እኛው አሳደግናት። ልጅ ስላልነበረን ልጃችንም እሷ ነበረች። አሁን እዚሁ መካነ ሰላም አስተማሪ ናት፤ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ከአርባው ሰደቃ ወዲህ አልመጣችም። እኔም አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አስጠራኋት። ጣቷ ላይ ጠመኔ ነበር። ከስታለች። እሷም እኔን ስታየኝ እንደዚሁ ያሰበች ይመስለኛል፤ ግን ሁለታችንም አልተናገርንም።

ስለ ሠርጉ ነገርኳት።

«አያ፣ እኔ እኮ ካሜራ ይዤ አላውቅም።»

«በስልክ ታነሺ የለ?»

«ስልክ ራሱ ነው የሚያነሳው።»

«ይሄንንም ራሱ እንዲያነሳ አደርገዋለሁ። አንቺ መዞሪያውን ማዞርና መጫን ብቻ ነው።»

መሬት መሬት አየች። ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየሮጡ በመሀላችን አለፉ። «ዘይነብ ቃል ገብታ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው እመጣለሁ» ብላ ገባች። አልተሰነባበትንም።

ከሰዓት በኋላ አራት ሰው ጉርድ ፎቶ ተነሣ። አንዱ ሰውዬ «እንዴት ከረምክ?» አለኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ለሁሉም የምለው እሱን ነው። ለማለትም ቀላል ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21

የአስተርዮ ማርያም በዓል ነው። ከተማው ጸጥ ብሏል። ሉባባ ከሰዓት መጣች።

ጎረቤቴን ወይዘሮ አስናቀችን አብረውን እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ከኔ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በዓሉን አክብረው የስፌት መኪናቸውን አልከፈቱም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከሚስቱ እህት ጋር በር ዘግቶ ከተቀመጠ ሰው ዝም አይልም። እሳቸውም ገባቸው። የበዓል ዳቦ ይዘው መጡና ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ሉባባ እስክትመጣ ድረስ ወረቀት ላይ እንዲህ ጽፌ ነበር።

ሲ አንድ፦ ደጅ። ሙሽራዋ ስትወጣ። ጠራራ ፀሐይ።
ሲ ሁለት፦ ክፍሉ ውስጥ። ዘይነብ እንዳደረገችው።
ሲ ሦስት፦ ጭፈራ። ፈጣን። ጣት እስኪነሳ ድረስ በተከታታይ እንዲያነሳ።

የሲ አንድን የጉርድ ፎቶ ልክ ማጥፋት ነበረብኝ። ቁጥሮቹን መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ አዲሱን አስተካክዬ፣ ሜኑ ውስጥ ገብቼ፣ መዝግብ የሚለው ጋ ደረስኩ። «በነበረው ላይ ይመዝገብ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። አለቀ። አንድ ሰከንድ አልፈጀም።

ሲ ሦስትን ለመሙላት ግን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሁሉን አስተካክዬ ሳልመዘግብ ከሉባባ ጋር ሳወራ ካሜራው በራሱ ተኛ። ስቀሰቅሰው ሁሉም ጠፍቶ ጠበቀኝ። ደግሜ አስተካከልኩ። ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ነው ነገሩ የገባኝ። ማስቀመጫው ላይ ሆነህ የነካካኸው ነገር ካልተመዘገበ፣ ካሜራው ሲጠፋ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህን የሚቀይር ሌላ ትእዛዝ ሜኑው ውስጥ አለ፤ አልነካሁትም። ለሉባባ የሚሻላት እንዲህ ሆኖ ነው።

«ስሚኝ» አልኳት። «የሆነ ነገር ተነክቶ ከተበላሸብሽ አትደንግጪ። አጥፊና መልሰሽ አብሪው። ይመለሳል።»

«ምንም ባደርገው?»

«ምንም ብታደርጊው።»

ሉባባ ካሜራውን የምትይዘው ሙሉ ትሪ እንደተሸከመ ሰው ነው። ክርኗን ወደ ጎኗ አስጠጊ ስላት ትከሻዋን ታነሳለች። ደጅ ወጥተን ሃያ ያህል አነሳች፤ ደህና ናቸው። ወይዘሮ አስናቀች በራቸው ላይ ቆመው ያነሳቻቸው ፎቶ በተለይ ጥሩ ነው። «ይቺን ለመታወቂያ ታደርጉልኛላችሁ» አሉ። ሉባባ ትንሽ ሳቀች። እኔም የምስቅበት ቦታ መሆኑን አወቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

መጥፎ ቀን።

የፎቶ ቤቱን መጋረጃ ዘግቼ በትንሿ መስኮት በኩል ብቻ ብርሃን እንዲገባ አደረግሁ፤ የሴቶቹን ክፍል እንዲመስል። ወይዘሮ አስናቀች ሙሽራ ሆነው ተቀመጡ። ሉባባ ሲ ሁለት ላይ አደረገችና አነሳች።

አሥራ አምስት ፎቶ። አሥራ አምስቱም የተንቀጠቀጡ።

እንደገና። ትንፋሽሽን ያዢ አልኳት። ግድግዳ ተደገፊ አልኳት። አሥር ፎቶ፤ ዘጠኙ ደብዛዛ። የወይዘሮ አስናቀች ፊት ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ያኔ ያልኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዘይነብ በዚሁ ልክ ነበር የምታነሳው! አንድም ቀን ተንቀጥቅጦባት አያውቅም!» አልኩ።

ሉባባ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ አስናቀች፣ «አንተ ሰው፣ ጫማው ጠበባት ብለህ እግሯን ልትቆርጣት ነው? ጫማውን ቀይርላት እንጂ!» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። ዘይነብ ሲ ሁለትን ያስተካከለችው ለራሷ እጅ ነው። ፍጥነቱ የሰከንድ አንድ አርባኛ ነው፤ እጅ ትንሽ ከተነቃነቀ ፎቶው ይደበዝዛል። የዘይነብ እጅ ድንጋይ ነበር፤ እኔ እንኳ በዚህ ፍጥነት አላነሳም። ይህን ረቡዕም አውቅ ነበር። መቀየር ስላልፈለግሁ ነው እንዳላየ ያለፍኩት።

ይህን ግን አልተናገርኩም። ሉባባም ሂጃቧን አስተካክላ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«አያ፣ ስለ ቀብሩ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም» አለች። «ለምን ሳትጠብቁኝ ቀበራችሁ ብለው አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ጮሁ፤ ግን ለካሜራ ብለው።»

ሄደች። ወይዘሮ አስናቀች ነጠላቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ።

ስለዚያ ቀን እዚህ ደብተር ላይም ጽፌ አላውቅም። ባጭሩ፦ ዘይነብ ፎቶ ቤት ውስጥ ተማሪ ስታነሳ ወደቀች። የደም ግፊት ነው ተባለ። ሉባባ ናት ሐኪም ቤት ያደረሰቻት። እኔ ከማሻ ወዲያ፣ አምባ መቅደላ ላይ ነበርኩ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ጎብኚዎች ፎቶ አንሺ ፈልገው ይዘውኝ ሄደው። እዚያ ኔትወርክ የለም። ቀኑን ሙሉ ደወሉልኝ። ጀናዛ አይቆይም፤ ከዐስር ሶላት በፊት ቀበሯት። እኔ የደረስኩት በማግስቱ ነው።

አልተቀየምኳትም። እንዳልተቀየምኳት ለመናገር ግን የሆነ ነገር ውስጤ መኖር አለበት። እሱን ፈልጌ አጣሁት።

አርብ፣ ጥር 23

ከጁሙዓ ተመልሼ የመቅደላውን ሜሞሪ አወጣሁ። ጎብኚዎቹ ፎቷቸውን ወስደዋል፤ እኔ ግን አላጠፋሁትም፤ አላየሁትምም ነበር።

ሉባባ በሰደቃው ቀን ለሴቶቹ ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ነፍሷ የወጣችው አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። አሥራ አንድ ከአርባን ፈለግሁ።

አሥራ አንድ ከሠላሳ ዘጠኝ፦ ስድስት ሰዎች በትልቁ መድፍ ዙሪያ ቆመዋል።
አሥራ አንድ ከአርባ፦ እነዚያው ስድስት ሰዎች፤ ሁሉም እየሳቁ።
አሥራ አንድ ከአርባ አንድ፦ አንዷ መነጽሯ ወድቆ ስታነሳው።

አስታወስኩ። «ሳቁ እንጂ፣ መድፉ አይተኩስም» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ራሴም ስቄአለሁ።

ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ተነሥቼ ሉባባ ቤት ሄድኩ። ከደጇ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ከውስጥ ደፉ ላይ። በሩ ክፍት ነው። አከራይዋ ግቢው ውስጥ እህል ያበጥራሉ።

የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። አፌ ያወጣው ግን የመድፉን ፎቶ ነው። ሰዓቱን ነገርኳት። ስስቅ እንደነበር ነገርኳት።

ሉባባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «እኔም አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ» አለች።

እንዲህ ነው የነገረችኝ፦

ዘይነብ ስትወድቅ ወዲያው ራሷን አልሳተችም። ሉባባ ተጠርታ ስትሮጥ ስትመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ያለችው «የልጅቷን ጉርድ አትሚላት፣ ነገ ምዝገባዋ ነው» ነው። ሉባባ ስልኳን ስታወጣ ደግሞ እጇን ያዘቻት። «ሰይድን እንዳትደውዪለት። መንገድ ላይ ይደነግጣል። ቆይ፣ ሲሻለኝ ራሴ እደውልለታለሁ» አለቻት።

«እኔም እሺ አልኳት» አለች ሉባባ። «አንድ ሰዓት ሙሉ አልደወልኩም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነው መደወል የጀመርኩት። ያኔ አይነሳም። ወላሂ አያ፣ ያን አንድ ሰዓት ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀድሜ ብደውል ምናልባት ከአምባው በታች ነበሩ፤ ምናልባት ያነሱት ነበር። ድምፅዎን እንኳ ትሰማ ነበር።»

ሰዓቱን ቆጠርኩ። ዘይነብ የወደቀችው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ዳገቱ ላይ ነበርኩ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረኝም። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ጠዋት ለዘይነብ «ደርሰናል» ልላት ሞክሬ አልሄደልኝም።

«ብትደውዪም አይገባም ነበር» አልኳት። «ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የለም።»

«ለማጽናናት ነው?»

«አይደለም። ልኬ ያልሄደልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ነይ እይው።»

ስልኩን ሰጠኋት። አንድ ሰዓት ከአምስት፣ «በሰላም ደርሰናል»፣ ከጎኑ ቀይ ምልክት። ሉባባ ስልኩን ይዛ አለቀሰች። አከራይዋ ወንፊታቸውን አስቀምጠው ቀና አሉና መልሰው አቀረቀሩ።

እኔ አላለቀስኩም። እንድታለቅስ ግን ተውኳት፤ አልቸኮልኩም።

ስነሣ፣ «ሲ ሁለትን እቀይርልሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ እጅ አልነበረም» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ጠዋት ቀየርኩት። ፍጥነቱን ከአርባኛ ወደ መቶ ሃያ አምስተኛ ከፍ አደረግሁ። ብርሃን የመቀበያውን ቁጥርም አብሬ ከፍ አደረግሁ፤ ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ግን አይንቀጠቀጥም። «በነበረው ላይ ይመዝገብ?» አለኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ካሜራው ሊተኛ ሲል ተጫንኩት። ቁጥሮቿን ደብተሬ ላይ አልገለበጥኩም። በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ሉባባ በአዲሱ ልክ ወይዘሮ አስናቀችን አሥር ጊዜ አነሳቻቸው። ስምንቱ ጥርት ያሉ ናቸው። ወይዘሮ አስናቀች፣ «እሰይ! አሁን ሽበቴም ሳይቀር ታየ» አሉ።

የያዝነው፦ ሁለት ካሜራ። አምስት ባትሪ። ሁለት ቻርጀር። አራት ሜሞሪ። ማጽጃ ጨርቅ። ለኔ ጋቢ። ለሉባባ የዘይነብ ወፍራም ሹራብ፤ ራሷ ጠይቃኝ ነው።

ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ካሜራው ጀርባ ላይ ለጠፍኩ። ሉባባ በአስተማሪ እጅ ጽሑፏ ጻፈችበት፦ 1 ደጅ፣ 2 ቤት፣ 3 ጭፈራ። ከሥሩ ደግሞ፦ ከተበላሸ አጥፊና አብሪ።

በሚኒባስ አቀስታ ገባን። መንገዱ አቧራ ነው። ብርዱ እንደምንጊዜውም ነው፤ ከመኪና ስንወርድ የሉባባ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር። እትዬ ከድጃ በር ላይ ተቀበሉን። የሉባባን ሹራብ አዩና አወቁት። ሳብ አድርገው አቀፏት።

እኔን ከወንዶቹ ጋር አሳደሩኝ። እራት በላሁ። ምን እንደበላሁ አስታውሳለሁ፤ ቅንጬ ነበር፤ ቅቤ የበዛበት።

እሁድ፣ ጥር 25

ይህን የምጽፈው ዳሱ ውስጥ ነው፤ ሰው ምሳ እየበላ ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሉባባ የሴቶቹ ክፍል ገባች። በሩ ላይ መጋረጃ አለ። ካሜራውን አንገቷ ላይ አድርጌላት፣ «ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ። አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት። መጋረጃው ወደቀ።

የኔን ሥራ ሠራሁ። ሽማግሌዎቹ፣ ድቤው፣ የሙሽራው ሚዜዎች። በመሀሉ ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው። እልልታ ይሰማል። የካሜራው ድምፅ ግን አይሰማም። እያነሳች ይሁን ቁጭ ብላ ይሁን አላውቅም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ መጋረጃው በትንሹ ተገለጠ። ሉባባ ናት። ፊቷ ላብ ብቻ ነው።

«አያ! ጠፋብኝ! ሁሉም ጥቁር ሆነ! የሆነ ነገር ነክቻለሁ!»

እጄን ልዘረጋ ነበር። ዓይኔ ግን ጀርባው ላይ ያለው ፕላስተር ላይ አረፈ። እሷም ካሜራውን አዙራ አነበበችው። አጠፋች። አበራች። ወደ እኔ አንዴ አነሳች። ተመለከተችው።

«መጣ!» አለች።

መጋረጃው ወደቀ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ፣ «ምን ሆና ነው?» አሉኝ። «ምንም፤ ደህና ናት» አልኳቸው።

ጭፈራው ሲጀመር ግድግዳው ራሱ ይነዝር ነበር። ያኔ የካሜራውን ድምፅ ሰማሁት፤ ታክታክታክታክ፣ ሳያቋርጥ። ሲ ሦስት ነው። ከረመዳን እስከ ኅዳር ስንት ወር ነው? ለመሙላት የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

አንገቴን ደፍቼ የሌንሴን መክደኛ ብዙ ጊዜ ጠረግሁ። ንጹሕ ነበር።

ሙሽራዋ ስትወጣ ሉባባ ከሴቶቹ ፊት እየቀደመች፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ታነሳ ነበር። ማንም ይህን አላስተማራትም። እኔ በወንዶቹ በኩል ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሌንሶቻችን ተገናኙ። አነሳችኝ።

እትዬ ከድጃ ስንሸኝ የሉባባን ሁለት እጅ ይዘው መረቋት። «አላህ እጅሽን ይባርከው። ለእህትሽም ዱዓ አድርገናል፤ ክፍሉ ሙሉ ሴት ነው አሚን ያለው» አሉ።

ሰኞ፣ ጥር 26

መካነ ሰላም። ሉባባ ከትምህርት በኋላ መጣች። ወይዘሮ አስናቀችም የእጅ ስፌታቸውን ይዘው መጡ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትን።

ከስድስት መቶ በላይ ናቸው። ግማሹ አይረባም። እጅ ብቻ ያለባቸው አሉ። ጣሪያ አለ። የአንዲት ሴትዮ ጀርባ ዘጠኝ ጊዜ ተነሥቷል። ደጅ ስትወጣ መዞሪያውን ማዞር ረስታ በሲ ሁለት ያነሳቻቸው ነጭ ወረቀት መስለዋል። ጭፈራው ውስጥ ደግሞ አርባ ያህል ጥሩ አለ፤ ሻርፕ አየር ላይ፣ አፍ ለእልልታ ተከፍቶ፣ አንዲት አሮጊት በዱላቸው ሲጨፍሩ። ለአንድ ሠርግ ከበቂ በላይ ነው።

አንዱ ላይ ቆምኩ። እትዬ ከድጃ የልጃቸውን ሻሽ እያሰሩላት ነው። መርፌው በጥርሳቸው ነው። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍናለች። የመስኮቱ ብርሃን ሁለቱም ጉንጭ ላይ አርፏል። ካሜራ መኖሩን ሁለቱም ረስተዋል። ዘይነብ ብታነሳው ከዚህ ትንሽ ጠቆር ይል ነበር። ሌላ ልዩነት የለውም።

«ይሄ ጥሩ ነው» አልኩ።

«እውነት?»

«ዘይነብ ብታየው ይሄን ነበር መስኮት ላይ የምትሰቅለው።»

ወይዘሮ አስናቀች ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «ቀጣዩስ ሠርግ መቼ ነው?» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን። ሉባባ፣ «ከረመዳን በፊት አንድ ጠይቀውኛል። እሺ ብያለሁ» አለች። ለኔ የነገረችኝ ያኔ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች ደንበኛ መጥቶባቸው ወደ ሱቃቸው ወጡ። በሩ ክፍት ነው። ያኔ ነው ለማንም ያልነገርኩትን የጠየቅኋት።

በማግስቱ እንደደረስኩ ወንዶቹ ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ። አዲስ አፈር ሁለት ነበር፤ ጎን ለጎን። አንዱ የሷ፣ አንዱ በዚያው ሳምንት የሞቱ የአንድ ሽማግሌ። ሰዎቹ በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ እኔ የቱን እንደሆነ አላየሁም። እንደገና መጠየቅ አፈርኩ። ሰው የሚስቱን መቃብር የቱ ነው ብሎ እንዴት ይጠይቃል? በሁለቱ መሀል ቆሜ ዱዓ አደረግሁና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። የማልሄደው ስለማይሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

«ሉባባ፣ የትኛው ነው የሷ?» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔስ ከየት አውቄ?» አለች። «አጥበን፣ ከፍነን ከቤት ነው የሸኘናት። ሴት አልሄደም። እኔም ሁልጊዜ ከመንገድ ላይ ቆሜ በግምት ነው ዱዓ የማደርገው። ለመጠየቅ አፍሬ።»

ተያየን።

«አጎታችን መሐመድ ናቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው የተቀበሏት። እሳቸው ያውቃሉ» አለች። «ነገ ከትምህርት መልስ አብረን እንጠይቃቸው?»

«እንጠይቃቸው» አልኩ።

ከዚያ ስላጠቧት ነገረችኝ፤ ማን ውኃ እንዳቀረበ፣ ፀጉሯን ማን እንደጎነጎነ፣ የትኛው እጇ ላይ የሂና ቀለም እንደቀረ። ሁሉንም ጠየቅሁ። ሁሉንም መለሰችልኝ። ስትጨርስ ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ መቼ እንደጀመረ አላወቅሁም።

ሄደች። ነገ በአሥር ሰዓት ትመጣለች። አጎትየው ረስተውት ከሆነ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ብቻ የማላውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።